14 ማሊያ፦ ስለ ኤድዊን ጃክሰን እናውራ

#1 ፖቶማክ ዳር

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ቤዝቦል ሲነሳ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ኦታኒና ስለ ጃጅ ነው። ዛሬ ስለ ሌላ ሰው መጻፍ ፈለግሁ። ኤድዊን ጃክሰን ይባላል። ፒቸር ነው። ፒቸር ማለት ኳስ ወርዋሪው ነው። ከ2003 እስከ 2019 በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ፣ ወረወረ፤ 17 የውድድር ዓመት ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት የ14 ክለብ ማሊያ ለበሰ። ከሱ በፊት ይህን ያህል የዞረ ተጫዋች አልነበረም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንዲህ ያለውን ተጫዋች እዚህ አገር ጆርኒማን ይሉታል። ሲሉት ደግሞ ትንሽ ዝቅ አድርገው ነው። የትም ያልበረከተ፣ ማንም ያላስቀረው እንደማለት። እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ።

ኤድዊን የተወለደው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1983 ጀርመን አገር፣ ኖይ-ኡልም ውስጥ ነው። በኛ ጳጉሜ 4 መሆኑ ነው። አባቱ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ልጁ ያደገው ጆርጂያ ውስጥ፣ ኮለምበስ በምትባል ከተማ ነው። 2001 ላይ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ6ኛው ዙር መረጡት። በታችኛው ሊግ ትንሽ ቆየና ልክ 20 ዓመት በሞላው ቀን ትልቁ ሜዳ ላይ አቆሙት። ከወዲያኛው ቡድን የሚወረውረው ማን ነበር? ራንዲ ጆንሰን። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ 40 ዓመት ሊሞላው ነው። ልጁ 6 ኢኒንግ (ዙር) ወረወረ። አንድ ነጥብ ብቻ ገባበት። አሸነፈ።

ያን ቀን ያየ ሰው ይህ ልጅ ዶጀርስ ቤት ያረጃል ብሎ ይምል ነበር። አልሆነም። ኳሱ በጣም ይፈጥናል፣ ግን አቅጣጫውን መግራት አስቸገረው። 2006 ሲገባ ወደ ታምፓ ቤይ ሰደዱት። እዚያ ሦስት ዓመት ከረመ። 2008 ላይ 14 ጨዋታ አሸነፈ፤ ክለቡም ወርልድ ሲሪስ፣ የዓመቱ ፍጻሜ፣ ደረሰ። ክረምቱ ሳይወጣ ለዲትሮይት ሰጡት። ዲትሮይት ላይ ኦል ስታር ለሚባለው የኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ለአሪዞና ሰጡት። ጓዜን ማቄን ሳይል ሄደ።

አሁን ወደምወደው ቀን ልምጣ። ጁን 25 ቀን 2010፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፍሎሪዳ። ሜዳው የቀድሞ ክለቡ የታምፓ ቤይ ነው። ኤድዊን ያን ቀን አጀማመሩ ያስፈራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ኢኒንጎች ብቻ 7 ሰው በዎክ አሳለፈ። ቤዝቦል ለማታውቁ፦ አራት የተበላሸ ኳስ ከወረወርክ መቺው ዱላውን ሳያነሳ በእግሩ ወደ ቤዝ ይሄዳል፤ ዎክ ማለት ይህ ነው። 3ኛው ኢኒንግ ላይ ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ከመቺዎቹ አንድ እንኳ ገና አላስወጣም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ፒቸር ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር።

አንድም ነጥብ ሳይገባበት ወጣ። ከዚያ በኋላ እየጠራ ሄደ። 5ኛው አለፈ፣ 6ኛው አለፈ። አንድ ሰው እንኳ ንጹሕ ምት አላገኘም። የወረወረው ኳስ 100 አለፈ፣ 120 አለፈ። ኤድዊን መውረድ አልፈለገም። አሰልጣኙ ኤ.ጄ. ሂንች ተወው። በ149ኛው ኳስ ጨዋታው አለቀ። 1 ለ 0። 8 ዎክ፣ ምት ግን ዜሮ። ኖ-ሂተር የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ታላላቅ ፒቸሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርውረው ሳያገኙት ነው የሚሰናበቱት።

በ35ኛው ቀን ለቺካጎ ኋይት ሶክስ ለወጡት።

ቀጥሎ የመጣውም ያው ነው። ጁላይ 27 ቀን 2011 ሲነሳ የኋይት ሶክስ ተጫዋች ነበር። ቀን ላይ ለቶሮንቶ ተሰጠ። ቶሮንቶ ደግሞ በዚያው ቀን ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሳለፈው። የቶሮንቶን ማሊያ እንኳ አላጠለቀም። በሦስተኛ ወሩ ግን ካርዲናልስ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ኤድዊንም የሻምፒዮኖቹን ቀለበት አጠለቀ።

2012 ላይ ወደኛ መንደር መጣ። ዋሽንግተን ናሽናልስ ለአንድ ዓመት 11 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉት። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ኦክቶበር 12 ማታ ከስታዲየሙ በላይ ኤም ስትሪት ላይ ተሰልፈን ቆመናል። ከተሰለፉት ሹፌሮች ግማሹ የኛ ሰው ነው። መስኮት ከፍተን ራዲዮ እንሰማለን። ናሽናልስ 6 ለ 0 እየመሩ ነበር። ተቃራኒው ማን ነው? ካርዲናልስ። 7ኛው ኢኒንግ ላይ ኤድዊንን አስገቡት። አምና ዋንጫ ያነሳበትን ቡድን ሊያቆም ነው። ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ነው፤ ያን ማታ ግን ሲጠሩት ከመሐል ገባ። አንድ ነጥብ ገባበት። በመጨረሻ 9 ለ 7 ተሸነፍን። አንድ አባትና ልጅ አሳፍሬ እስከ ሮክቪል ስሄድ ማናችንም ቃል አልተነፈስንም።

ስለ ኤድዊን የምለው ይህን ነው። ከ2007 እስከ 2013 ባሉት 7 ዓመታት፣ በየዓመቱ ከ31 ያላነሰ ጨዋታ ጀምሯል። አንድም ዓመት አላጎደለም። በእነዚያ 7 ዓመታት ያለፈባቸውን ክለቦች ቁጠሩ፦ ታምፓ፣ ዲትሮይት፣ አሪዞና፣ ኋይት ሶክስ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን፣ ቺካጎ ካብስ። ቤት እየቀየረ፣ ከተማ እየቀየረ፣ ኳስ የሚቀበለውን ሰው እየቀየረ፣ ተራው ሲደርስ ግን እዚያ ፒቸር የሚቆምባት ኮረብታ ላይ ቆሞ ይገኛል። እስቲ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

#2 የአራት ኪሎ ልጅ

ጋሼ ፖቶማክ፣ ጥሩ ነው ያነበብኩት። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ቤዝቦል አላውቅም፣ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። እኛም ጋ እንዲህ ያለ አለ። የኡራጓዩ ሰባስቲያን አብሬው ከ30 በላይ ክለብ ተጫውቷል። እሱ ግን ወዶ ነው የሚሄደው። ተደራድሮ፣ ፈርሞ። የእናንተው ሰውዬ ጠዋት ቺካጎ፣ ቀን ቶሮንቶ፣ ማታ ሴንት ሉዊስ ሲባል እሺ ነው የሚለው? እምቢ ማለት አይችልም እንዴ?

#3 ደንብ አዋቂ

የአራት ኪሎው ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የነካኸው። መልሱ አጭር ነው። አይችልም።

በቤዝቦል ክለቡ የሚሸጠው ኮንትራቱን ነው። ኮንትራቱ ወደሄደበት ተጫዋቹም ይሄዳል። አይጠየቅም። በኮንትራቱ ውስጥ አስቀድሞ እምቢታ ካላስጻፈ በስተቀር ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል፣ በቀናት ውስጥ አዲሱ ቡድን ጋ ይገኛል። ሚስትና ልጆች ኋላ ቀርተው ቤቱን ይዘጋሉ፣ ትምህርት ቤት ያስቀይራሉ።

ከደንቡ የሚያመልጥበት አንድ በር አለ። «10 እና 5» ይሉታል። በሜጀር ሊግ 10 ዓመት ካገለገልክ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ከቆየህ፣ አትለውጡኝም ማለት ትችላለህ። አሁን ኤድዊንን ተመልከት። አሥሩን ዓመት አሟልቷል። አምስቱን ግን የት ያግኘው? በአንድ ክለብ አምስት ዓመት ቆይቶ አያውቅም። ስለዞረ መብቱን አላገኘም፤ መብቱን ስላላገኘ መልሶ ዞረ።

ሌላም አለ። ከቡድኑ ዝርዝር ሲያወጡህ ክለቡ 7 ቀን አለው። በ7 ቀን ውስጥ ይለውጥሃል፣ ወይም ለሌሎች ክለቦች የሚፈልገው ካለ ይውሰደው ብሎ ያቀርብሃል፣ ወይም ያሰናብትሃል። ያን ሰባት ቀን ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ማየት ነው። ኤድዊን ትልቅ ገንዘብ ያየ ሰው ነው፤ ከሱ በታች ያሉት ግን ቀን ይቆጥራሉ። በሜጀር ሊግ 43 ቀን የሞላው ተጫዋች ጡረታ ይኖረዋል፤ ሙሉ ጡረታ ለማግኘት 10 ዓመት ያስፈልጋል። 40 ቀን ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሰማው አስበው።

#4 ቁጥር ወዳጅ

ጽሑፉ ያምራል። ግን እውነቱን እንነጋገር። 107 አሸነፈ፣ 133 ተሸነፈ። በ9 ኢኒንግ የሚገባበት አማካይ 4.78 ነው። ይህ ከመካከለኛ በታች ነው። ጥሩ ቢሆን ከ14ቱ አንዱ ያስቀረው ነበር።

እንዲያውም 2009 መጨረሻ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሦስት ክለቦች የተሳተፉበት ልውውጥ ነበር። ኤድዊን ወደ አሪዞና ሲሄድ ወደ ዲትሮይት የመጣው ማክስ ሸርዘር ነው። ሸርዘር ሳይ ያንግ የሚባለውን የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት ሦስት ጊዜ ወሰደ። አሪዞና እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ሰውዬው ጠንካራ ሠራተኛ መሆኑን አልክድም። ግን ጠንካራ ሠራተኛና ጥሩ ፒቸር አንድ አይደሉም።

#5 ግራ እጅ

ፖቶማክ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ክብረ ወሰኑን አሁን ኤድዊን ብቻውን አይደለም የያዘው። ሪች ሂል 2025 ላይ ከካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ጋር ሜዳ ሲገባ 14ኛ ክለቡ ሆነና እኩል ወጡ። ሂል ያኔ 45 ዓመቱ ነበር። የገባበት ሜዳ ደግሞ የት ነው? ቺካጎ፣ ሪግሊ ፊልድ። 2005 ላይ ከካብስ ጋር የጀመረበት ሜዳ። ከ20 ዓመት በኋላ ያንኑ ኮረብታ በእንግዳ ቡድን ማሊያ ወጣባት።

እኔም እንደ ሂል ግራኝ ስለሆንኩ ይህን ሰው በተለየ ዓይን ነው የማየው። ታሪኩን ለማታውቁ ላጫውታችሁ። ክርኑን ተቀዷል፣ ትከሻውን ታሟል። 2014 ላይ አራስ ልጁን ቀበረ። 2015 አጋማሽ ላይ ደግሞ ሥራ አጣ። 35 ዓመቱ ነው። ያኔ ከሜጀር ሊግ ጋር ምንም ውል ያልነበረው አትላንቲክ ሊግ የሚባል ሊግ አለ። እዚያ ወርዶ ሎንግ አይላንድ ዳክስ ለሚባል ቡድን ሁለት ጨዋታ ጀመረ። አንድ ነጥብ አልገባበትም። ቦስተን ሬድ ሶክስ አይተው ወሰዱት።

ቦስተን ላይ ብራያን ባኒስተር የሚባል፣ ራሱም ፒቸር የነበረ ሰው ቁጥሩን ይመረምርለት ነበር። ከርቭቦልህ (የሚጠማዘዘው ኳስህ) ከሌላው ሰው ይሻላል፣ ለምን አልፎ አልፎ ትወረውረዋለህ? ከዚያ በላይ ወርውረው አለው። ሂል ሰማ። ሴፕቴምበር ላይ 4 ጨዋታ ጀመረ፤ በ29 ኢኒንግ 36 ሰው በስትራይክ አስወጣ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት በ6 ሚሊዮን ፈረመ፣ በዓመቱ ደግሞ ዶጀርስ ሦስት ዓመት በ48 ሚሊዮን አስፈረሙት።

ቁጥር ወዳጅ፣ ለአንተ የምለው ይህ ነው። 2015 ጁላይ ላይ የሂልን ቁጥር ብታይ ጨርሷል ትል ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን የሚነግርህ ትናንትን ነው።

#6 ሚሚ ዘኡልም

ኖይ-ኡልም ሲባል ደነገጥኩ! እኔ የምኖረው ኡልም ነው። መካከላችን ዳኑብ ወንዝ ብቻ ነው ያለው። በየቀኑ ድልድዩን ተሻግሬ ኖይ-ኡልም እሠራለሁ። እዚያ ዋይሊ የሚባል ሰፈር አለ። ድሮ የአሜሪካ ጦር ካምፕ ነበር። ወታደሮቹ 1991 ላይ ለቀው ሄዱ። አሁን መኖሪያ ቤቶችና ኮሌጅ አለበት፤ ሕጻናት በሳይክል ይሄዱበታል። ከዚህ ቦታ ተነስቶ 14 ክለብ የዞረ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፣ እነሱም አያውቁም።

የወታደር ልጅ መሆኑ ይመስለኛል የረዳው። እኔም አባቴ በሥራው ስለሚዛወር ደሴ፣ ጎንደር፣ ነቀምቴ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ቀን ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ታውቃለህ። ቶሎ ትላመዳለህ። ስትሄድም ቶሎ ትሰናበታለህ።

#7 ፖቶማክ ዳር

ሚሚ እህቴ፣ የጻፍሽው ነገር ልቤን ነካው። ግራ እጅ፣ ስላረምከኝ አመሰግናለሁ። የሂልን መቁጠር ነበረብኝ።

ቁጥር ወዳጅ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አልከራከርህም። 2013 ላይ ካብስ 4 ዓመት በ52 ሚሊዮን አስፈረሙት፤ በመጀመሪያው ዓመት 18 ጊዜ ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 15 ጊዜ። ግን ያ ካብስ እኮ 2013 ላይ 96 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው። ፒቸር ብቻውን አያሸንፍም። የሚመታለት ሰው ያስፈልገዋል።

2015 ጁላይ ላይ አሰናበቱት። በቤዝቦል የተፈረመ ገንዘብ ስለማይቀር ካብስ መክፈላቸውን ቀጠሉ። አትላንታ በዝቅተኛው ደሞዝ ወሰደው። 2016 ላይ ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሱ፣ ኤድዊን ማያሚና ሳን ዲዬጎ እየወረወረ ነበር፤ ደሞዙን ግን አሁንም ካብስ ናቸው የሚከፍሉት። ልብ በሉ፣ ገንዘቡ በእጁ ነው። ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን በታችኛው ሊግ አውቶቡስ እየተሳፈረ ወረወረ። 2017 ባልቲሞር። ከዚያ እንደገና ዋሽንግተን። አንተ ካነሳኸው ከሸርዘር ጋር በአንድ ቡድን።

አንድ ማታ ደግሞ 2017 ላይ ከላይኛው ወንበር ተቀምጬ አየሁት። ኳሷን ከካቸሩ (ከኳስ ተቀባዩ) ሲቀበል ወዲያው አይወረውርም። በሁለት እጁ ያሻታል፣ ቀዩን ክር በጣቱ ይፈልጋል። ኳሷ 108 ጥልፍ አላት። ጣቱ የሚፈልገውን ጥልፍ ሲያገኝ ትከሻው ይወርዳል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ እግሩን ያነሳል። ያን ማታ ያየሁት ሰው ከካብስ ጋር የተሸነፈው ሰው አልመሰለኝም። የሚሠራውን የሚያውቅ ባለሙያ ነበር።

#8 ቁጥር ወዳጅ

ገንዘቡን ይዞ መውረዱን አላውቅም ነበር። እሱን እቀበላለሁ። 4.78 ግን 4.78 ነው።

#9 ቴሌግራፍ ጎዳና

ኦክላንድ ነኝ። 2018ን ማን ይንገርላችሁ? እኔ ልንገራችሁ!

ያን ዓመት የክለባችን የኤይስ ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች አንድ በአንድ በጉዳት ወጡ። ክለቡ ገንዘብ የለውም። ጁን ላይ ኤድዊንን ከታችኛው ሊግ አነሱት። 13ኛ ክለቡ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ሰውዬው 17 ጨዋታ ጀመረ። 6 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ፣ አማካዩ 3.33። ኤይስ 97 ጨዋታ አሸንፈው ኦክቶበር ላይ ወደሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር ገቡ።

ከሥራ ስወጣ በባርት ባቡር ወደ ስታዲየሙ፣ ወደ ኮሊሲየም፣ እሄድ ነበር። ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፣ የአሥመራ ልጅ ነው፣ እሱና እኔ ርካሹን ወንበር እንይዛለን። ኤድዊን የሚወረውርበት ቀን ከሆነ ልባችን ይረጋጋል። በየዙሩ ሰው ቤዝ ላይ ይወጣበታል፣ ትጨነቃለህ፣ ከዚያ በአንድ ምት ሁለት ሰው አስወጥቶ ይወርዳል። ወጣቶቹ ፒቸሮች አግዳሚው ላይ ከጎኑ ነበር የሚቀመጡት። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያሳያቸዋል፣ ኳስ በእጁ ይዞ።

አሁን ክለቡም ሄዷል። 2024 ሲያልቅ ከተማችንን ለቆ ሳክራሜንቶ ገባ፣ ከዚያ ላስ ቬጋስ ነው የሚሉት። ከፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲ፣ ከካንሳስ ሲቲ ኦክላንድ። ክለቡ ራሱ ጆርኒማን ነበር፣ እኛ ነን ያላስተዋልነው።

#10 የአራት ኪሎ ልጅ

እኔ አሁን ሰውዬውን ወደድኩት። ከኤድዊን በፊት ክብረ ወሰኑ የማን ነበር? ደግሞ እንዴት ሆነ መጨረሻው?

#11 ግራ እጅ

ከሱ በፊት የነበረው ኦክታቪዮ ዶቴል ነው። ዶሚኒካዊ ነው። 13 ክለብ። የሚገርምህ ምን መሰለህ? ፖቶማክ የነገረን የ2011ዱ ልውውጥ አለ አይደል፣ ቶሮንቶ ኤድዊንን ለካርዲናልስ ያሳለፈበት? በዚያው ልውውጥ ዶቴልም አብሮ ነው የሄደው። ሁለቱ ተጓዦች በአንድ ቀን አንድ ክለብ ገቡ። በአንድ ዓመት ቀለበት አገኙ።

ዶቴል በአብዛኛው ጨዋታ የሚጀምር አልነበረም፤ መጨረሻ አካባቢ ገብቶ አንድ ኢኒንግ በኃይል የሚወረውር ነው። 2003 ላይ ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ስድስት የሂውስተን ፒቸሮች ተቀባብለው ኖ-ሂተር ወረወሩ። ዶቴል ከስድስቱ አንዱ ነው። በአንድ ኢኒንግ 4 ሰው በስትራይክ አስወጣ። አንዱ ኳስ ካቸሩን አምልጦ መቺው ስለሮጠ ነው አራት የሆነው።

ዶቴል በ2025 ኤፕሪል አረፈ። ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ ጄት ሴት የሚባል የምሽት ክለብ ጣሪያ ተደርምሶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እሱም ከመካከላቸው ነበር። ነፍሱን ይማር። ዜናውን የሰማሁ ቀን የ2003ቱን ኢኒንግ ፈልጌ ደጋግሜ አየሁት።

ኤድዊን 14ኛውን ያገኘው ሜይ 15 ቀን 2019 ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ለቶሮንቶ። 2011 ላይ ማሊያውን ሳያጠልቅ ለቀቀው ያልነው ቶሮንቶ። ያ ዓመት ከባድ ነበር፤ 3 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ዲትሮይትም መልሶ ወስዶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሜጀር ሊግ አልተመለሰም። ግን በዚያ አላበቃም። 37 ዓመቱ ሆኖ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለአሜሪካ ተሰለፈ። ፍጻሜውን በጃፓን 2 ለ 0 ተሸንፈው ብር አገኙ። 2022 ሴፕቴምበር ላይ፣ ልደቱ አካባቢ፣ በቃኝ አለ።

#12 የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሰላም ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። እኔ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ ልጄ ልጠይቃችሁ።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ፒቸር ነው። ባለፈው ወር የሚጫወትበት ቡድን ቀነሰው። ስም አልጠራም። ያሳወቁን በአጭር ኢሜይል ነው፣ እሱም ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ነው የደረሰኝ። አምና ሌላ ቡድን እንዲሁ አድርጎት ነበር። ሁለት ጊዜ ሆነ። ለሁለት ሳምንት ጓንቱን አልነካም። አባቱ ኳሱን ትቶ ትምህርቱ ላይ ያተኩር ይላል። እኔ ቤዝቦል አይገባኝም፤ ልጄ ግን ደስ የሚለው እዚያች ኮረብታ ላይ ሲቆም ነው፣ ያንን አውቃለሁ። ትናንት የፖቶማክን ጽሑፍ አነበብኩለት። በአማርኛ ነው የጻፋችሁት፣ እኔ እያነበብኩ እየተረጎምኩለት። 149 ያለው ጋ ስደርስ «ማሚ ድገሚው» አለኝ። አሁን ሌላ ቡድን አግኝተናል፣ ትንሽ ሰፈር ያለ። ክንዱ እንዳይጎዳብኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

#13 ፊዚዮ

እህቴ፣ በሙያዬ የአካል ጉዳት ሕክምና ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ፣ ልጅሽ 149 የሚለውን ቁጥር እንዲረሳው አድርጊ። ኤድዊን ያንን ሲወረውር 26 ዓመቱ ነበር፤ ከሱ ወዲህ በሜጀር ሊግ ከዚያ በላይ የወረወረ ሰው የለም። ዛሬ ትልልቆቹን እንኳ 100 አካባቢ ሲደርሱ ያወርዷቸዋል። ክርን ውስጥ ያለች አንዲት ጅማት ናት ጣጣው። ስትበጠስ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስደው ነው የሚተኩት። ቶሚ ጆን ይሉታል፣ 1974 ላይ መጀመሪያ የተደረገለት ፒቸር ስም ነው። ሪች ሂልም አልፎበታል። አሁን በልጆች ላይ እያየነው ነው፣ ያ ነው የሚያሳስበኝ።

ሜጀር ሊግ ራሱ ያወጣው የልጆች መመሪያ አለ። በ13 ዓመት በአንድ ቀን ቢበዛ 95 ኳስ። 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ ቢያንስ 4 ቀን እረፍት። ቁጥሩን አሰልጣኙ ብቻ አይቁጠረው፣ አንቺም ቁጠሪ። ማስታወሻ ደብተር ያዢ፣ አንድ ኳስ አንድ ጭረት። በአንድ ጊዜ ለሁለት ቡድን አይወርውር። ክርኔን አመመኝ ካለ ያን ቀን ያቁም፤ ቻለው አይባልም።

የሚጠማዘዝ ኳስ እንዲማር ቢለምንሽ ደግሞ መጀመሪያ ቼንጅአፕ ይማር። ፍጥነት የሚቀንስ ኳስ ነው፣ ክርን አያጣምምም። አያያዙ ቀላል ነው። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ከኳሱ ጎን ቀለበት ይሠራሉ። የቀሩት ሦስት ጣቶች ኳሱ ላይ ይተኛሉ። ከዚያ እንደ ፈጣን ኳስ በሙሉ ክንድ ይወረውራል። ኳሱ ራሱ ይዘገያል።

#14 ቁጥር ወዳጅ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ እኔ ስለ ቁጥር የጻፍኩት ለትልልቆቹ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ቁጥር የለውም። በዚያ ዕድሜ የቀደመው ጢም ያወጣው ነው። ሁለት ቡድን ቀነሰው ብላችሁ አታስቁሙት። ሂሳብና ስታቲስቲክስ የሚወድ ከሆነ ግን ላኪልኝ፣ የኳስ ፍጥነትና መሽከርከር እንዴት እንደሚለካ አሳየዋለሁ። አባቱንም ትምህርት ነው ብለሽ ታሳምኚበታለሽ።

#15 ፖቶማክ ዳር

እህቴ፣ ለልጁ ይህን ንገሪልኝ። ኤድዊንን ዶጀርስ የሰጡት 22 ዓመቱ ላይ ነው። ኖ-ሂተሩን የወረወረው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀለበቱንም፣ ያን የሚያምር 2018ንም ያገኘው ከዚያ ወዲያ ነው። ታክሲዬን ካቆምኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጻ ነኝ። ጨዋታው የት ነው?

#16 የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ፊዚዮ፣ ያልከኝን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። ቼንጅአፑን አነበብኩለት። ማታ እራት ላይ በግራ እጁ እንጀራ እየጎረሰ ስለሆነ ተቆጣሁት፤ ለካ ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ሥር ኳሱን በሦስት ጣት ይዞ ነው።

ወንድም ፖቶማክ፣ ጨዋታው ዊተን ነው፣ ቅዳሜ በኛ 4 ሰዓት። እሱ ነው የሚጀምረው።

#17 ፖቶማክ ዳር

እገኛለሁ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ የሚበሉት ሱፍ ነው አይደል? እኔ ዳቦ ቆሎ ይዤ እመጣለሁ።